ለቦዝቶርጋይ ስልክ ድርጅት፦ ስለ ባለቤቴ ሦስት ጣቶች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዛንጋር ቱለባዬቭ
የቦዝቶርጋይ ስልክ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አልማቲ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለመላው የድርጅትዎ ባልደረቦች ጤናንና ረጅም ዕድሜን፣ በእጅዎ ላይ ያሉት አሥሩም ጣቶች ሳይጎድሉ መሰንበትን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። በረዶው ቀልጧል፣ ፈረሶቻችን ወልደዋል፣ ባለቤቴ ሚርዛጋሊም በቀኝ እጁ ላይ በቀሩለት ሁለት ጣቶች ልጓም ማሰር ለምዷል።

እርስዎ ማን እንደሆንኩ በሚገባ ያውቃሉ። ይህን ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ለሚያነቡት ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ቃላምቃስ እባላለሁ፤ በሳርሾቂ ባቡር ጣቢያ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትኩ ሴት ነኝ። በመንደራችን ስለ ፈረስ የሚጠየቀው ባለቤቴ ነው፤ ስለ ስልክ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለፈው መከር ድርጅትዎ ማስታወቂያውን በጣቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፈ ጊዜ ሰው ሁሉ እኔ የምለውን ጠበቀ።

አንደኛ፦ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። «ማማው ያው፣ ሲግናሉ ያው፣ ዋጋው ግማሽ» ይላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ እውነት ነበሩ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ቦዝቶርጋይ የራሱ የሆነ አንድም ማማ የለውም፤ በአገሩ ኮረብታ ሁሉ ላይ ማማ ካቆመው ከትልቁ ድርጅት ኔትወርኩን በጅምላ ይገዛና ለእኛ በችርቻሮ ይሸጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ የሚኖረው እንዲሁ ነው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አልመረጥኳችሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሦስት ድርጅቶችን ውል በገበታው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ በመነጽር አንብቤያለሁ። በእናንተ ውል ዘጠነኛ ገጽ ላይ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል «ማማው በሚጨናነቅበት ጊዜ ቅድሚያ ለማማው ባለቤት ደንበኞች ይሰጣል» የሚለውን አግኝቼ አሰመርኩበት፤ ወረቀቱንም ይዤ ወረዳው ከተማ ድረስ ሄጄ ለወኪላችሁ አሳየኋት። ወኪላችሁ ፈገግታ የማይለያት ወይዘሮ ነበረች።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ለወጉ ያህል የሚጻፍ ነው» አለችኝ። «ደግሞ እናንተ አገር ከሰው በግ ይበልጣል። በጎቹ ካልደወሉ በቀር ማን ያጨናንቀዋል?»

ሳቅኩ። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ከምቆጥረው ሁሉ በፊት ያን ሳቅ በራሴ ላይ እቆጥረዋለሁ። ሲም ካርዱን ለባለቤቴና ለራሴ ወሰድኩ። ጎረቤቴ ባቲማ «ቃላምቃስ ከገባችበት ውሃው አያሰጥምም ማለት ነው» ብላ ቤተሰቧን ሁሉ ይዛ ተከተለችኝ፤ ሌላውም ባቲማን ተከተለ። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል አራት መቶ አሥራ ሁለት የሳርሾቂ ስልኮች የእናንተ ሆነው ነበር።

ሁለተኛ፦ በጥር ወር ስለላካችሁት ምክር አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

ባለቤቴ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ከመንደራችን አርባ ኪሎ ሜትር በሚርቀው በረት ከፈረሶቻችን ጋር ነው። በእኔና በእሱ መካከል አንድ ውል አለ፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይደውላል። እኩለ ቀን አልፎ አንድ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ካልደወለ ወንድሜ ሳፓር ትራክተሩን አስነስቶ ፍለጋ ይወጣል። ይህ ውል፣ ዋጋው ሙሉ በሆነ ሲም ካርድ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሳይፈርስ ሠርቷል።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቡራን የምንለው የበረዶ ማዕበል መጣ። ነፋሱ በረዶውን ከምድር አንሥቶ ከሰማይ ሲደባልቀው ሰው የዘረጋውን የገዛ እጁን አያይም። በየመንደሩ፣ በየበረቱ፣ ሐዲድ ላይ በቆመው ባቡር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን አነሣ፤ ማማውም ተጨናነቀ። ዘጠነኛው ገጽ ሥራውን ጀመረ።

ባለቤቴ በረቱ ውስጥ ሆኖ ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፈረሶቹ ተጠልለዋል፣ ምድጃው ይነዳል፣ የጎደለበት ነገር አልነበረም። ያስጨነቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ካልደወለ ሳፓር ወደዚያ ማዕበል ይወጣል። በዚህ መካከል ስልኩ ድምፅ ሰጠ። ጥሪ አላሳልፍ ያለው ኔትወርክ የእናንተን መልእክት አሳልፎት ነበር። መልእክቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የመገናኘት ችግር ከገጠመዎ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥተው ይሞክሩ። ቦዝቶርጋይ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ነው።»

ከፍ ወዳለ ቦታ ወጣ። ፈረሱን ጭኖ የበረቱን አጥር በእጁ እየዳበሰ፣ አጥሩ ሲያልቅም በፈረሱ ዕውቀት ተማምኖ ኮረብታው ጫፍ ደረሰ። እዚያ ስልኩን ሲያየው የሲግናሉ ጭረቶች ሁሉም ሞልተዋል። ስልኩ በጓንት ስለማይታዘዝ ጓንቱን አወለቀ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አሥራ አንድ ጊዜም «ጥሪዎን ማስተናገድ አልተቻለም» ተባለ። ስድስተኛው ላይ ጣቱ መስታወቱን መንካቱ እንደማይሰማው ልብ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የተጫነው በዓይኑ እያየ ነው። ለምን እንዳላቆመ ጠይቄዋለሁ። «ሳፓር ሁለት ልጆች አሉት» አለኝ።

በዚያው ሰዓት እኔ የእኔም ሞባይል ዝም ስላለ ወደ ጣቢያው ሄጄ፣ በቀድሞ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በሽቦ ስልክ የደንበኞች አገልግሎታችሁን እየጠራሁ ነበር። የተቀዳች ሴት በማር ድምፅ «በወረፋው ሃያ ሦስተኛ ነዎት፤ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» አለችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ሃያ አራተኛ ነዎት» አለችኝ። በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ ወረፋ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ስላሳያችሁኝ ባለ ውለታችሁ ነኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ሳፓር በሩ ላይ ቆሟል። ትራክተሩ ደጅ ላይ ያጓራል።

«እህቴ፣ ሰዓቱ አልፏል። ልውጣ።»

«አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ።»

«አሥር ደቂቃሽን ሁለቴ ጠበቅኩልሽ እኮ።»

«ሦስተኛም ጠብቅ። አንዱን አጥቼ በላዩ ሌላ አልጨምርም።»

«ባልሽ ነው፣ ቃላምቃስ።»

«ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አልኩት። ቁልፉን ከእጁ ቀማሁትና ተቀመጥኩበት። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከባለቤቴ በረት ኮረብታውን ተሻግሮ የሚኖር ቶክታስን የሚባል እረኛ አለ። እሱ የማማው ባለቤት ደንበኛ ነው። በዚያች ሰዓት፣ በዚያው ማማ፣ ከዚያው ኮረብታ ግርጌ ሆኖ፣ ከተማ ካለች ልጁ ጋር የልጅ ልጁ ጥርስ ስለማውጣቷ ሩብ ሰዓት ሲጫወት ነበር። ወሬውን ጨርሶ በጎቹን ሊያይ ሲወጣ የፈረስ ድምፅ ሰማ። ድምፁን ተከትሎ ሲወጣ ፈረሱ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ባለቤቴ ከፈረሱ ሆድ ሥር ተቀምጧል፤ ስልኩ በእጁ ነው። ጣቶቹ ከስልኩ አልላቀቅ ብለውት ነበር።

የጣቢያው ስልክ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቶክታስን ነኝ። ሞባይልሽን ብሞክር ብሞክር እምቢ አለኝ። ጋሼ ሚርዛጋሊ እኔ ቤት ነው፤ አለ፣ በሕይወት አለ። እጁ ግን ደህና አይደለም።»

«ድምፁን አሰማኝ።»

«ያውልሽ።»

ባለቤቴ «ሳፓርን እንዳትልኪው» አለኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። የወረዳው ሐኪም ከቀኝ እጁ አመልካቹን፣ መካከለኛውንና የቀለበት ጣቱን ከቆረጠለት በአራተኛው ቀን፣ አልጋው ላይ እንዳለ፣ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንዲመልስ ጠየቃችሁት። በግራ እጁ «2» ብሎ ጻፈ። ለእነርሱ ሁለትም ይበዛባቸዋል ብዬ ተቆጣሁት።

«የቀሩኝን ነው የጻፍኩት» አለኝ።

«ስለ በጎ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ስትሉ መለሳችሁ። ለበጎ አስተያየቱ ምስጋናችሁ ደርሶናል።

ከዚህ በኋላ እርስዎን በአካል የማግኘት ክብር ገጠመኝ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት በባቡር ተጉዤ አልማቲ ደረስኩ፤ ጸሐፊዎ ሦስት ጊዜ «ነገ» ካለችኝ በኋላ ቢሮዎ ገባሁ። ቁጭ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ይህን አልክድም።

«እናቴ፣ በጣም አዝኛለሁ» አሉኝ። «ግን እኛ እኮ ማማ የለንም። እኛም እንደ እርስዎ ገዢዎች ነን።»

«መልእክቱስ የማን ነው?»

«እሱ አውቶማቲክ ነው። ሰው አይልከውም።»

«የተቀበለው ሰው ነው» አልኩዎት።

ለድርጅታችሁ ስሟን የሰጠችው ወፍ የተሳለችበትን የሻይ ኩባያ ሰጥተው ሸኙኝ። ከእርስዎ ቢሮ ወጥቼ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ማማው ባለቤት ቢሮ ገባሁ። እዚያ ያለችው ልጅ የሚርዛጋሊን ስም ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ «ባለቤትዎ የእኛ ደንበኛ አይደሉም፤ ልናነጋግርዎ አንችልም» አለችኝ። አንዱ ማማ የለኝም ይላል፣ ሌላው ሰውየውን አላውቀውም ይላል፤ በሁለቱ መካከል የባለቤቴ ጣቶች የማንም ሳይሆኑ ቀሩ። ኩባያውን በባቡሩ መስኮት ወረወርኩት።

ሳርሾቂ ተመልሼ በየቤቱ እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ለመረጥኩላቸው ምርጫ። ሰው ሁሉ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባቲማ ጋ ስደርስ ገና ሳልጀምር አፌን ያዘችው።

«ልቅሶሽን ተይውና እስክሪብቶ አምጪ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያስገባሽን፤ አንቺው አውጪን። ግን አንድ በአንድ አይደለም፤ በአንድ ጠዋት።»

የካቲት እንዳለቀ፣ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለታችን ቁጥራችንን እንደያዝን ወደ ማማው ባለቤት ተሻገርን። የማማው ባለቤት ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ሰውን ካልመዘገበ እንደማያውቀው አይቻለሁና ልመዘገብ ብዬ ነው። በሐዲዱ ላይ ያሉት ሦስት ጣቢያዎችም ወሬውን ሰምተው በዚያው ሳምንት ተከተሉን። በማግሥቱ የእርስዎ ጸሐፊ ደውላ «ነገ» ሳትል እርስዎን አገናኘችኝ።

አራተኛ፦ በአዲስ ዓመት በዓላችን፣ በናውሪዝ፣ በእንግድነት ስለመጡልን አመሰግናለሁ።

እኛን መልሰው ደንበኛ ለማድረግ ከሾፌርዎና ከፎቶ አንሺዎ ጋር መጡ። ሁሉም የቦዝቶርጋይን ስልክ ብቻ ይዘው እንዲመጡ አዘዋል፤ ፎቶው ላይ ሌላ እንዳይታይ። ለባለቤቴ ያመጡለት ስጦታ አዲስ ስልክ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ በጣት ጫፍ የሚሠራ። ፎቶው በረቱ ጋ ቢነሣ ያምራል ያሉት እርስዎ ነዎት። በዚያ ሳምንት በረቱ መንገድ ላይ ያለው ሸለቆ በረዶው ቀልጦ ጭቃ እንደሚሆን፣ የገባ መኪናም ሁለት ሦስት ቀን እንደማይወጣ የማውቀው እኔ ነኝ። «እንሂድ» አልኩ። ይህን በጋዜጣ የምናዘዘው ተጸጽቼ አይደለም።

የእንግዳ ወግ አልጎደለብዎትም። በግ ታረደልዎ፣ የበጉ ራስ ለእርስዎ ቀረበ፣ ሞቅ ያለው ምንጣፍ ለእርስዎ ተነጠፈ። ሌሊቱን ተጉዘው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አልማቲ ውስጥ የክልሉን ትምህርት ቤቶች የስልክ ውል እንደሚፈርሙ ሲነግሩን ሁላችንም እንኳን ደስ ያለዎ አልን። መኪናዎ ሲጣበቅ የትራክተር ወሬ የሚያነሣ አልነበረም፤ ሳፓር በዓሉን ሊያከብር አማቾቹ ዘንድ ሄዷል። እርስዎም ስልክዎን አወጡ።

በናውሪዝ ደግሞ አገሩ ሁሉ ይደዋወላል።

ሲግናሉ ሙሉ ነበር። ደወሉ፣ ደወሉ፣ ደጅ ወጡ፣ ተመለሱ። ቶክታስን ሻዩን ፉት ብሎ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ይላሉ» አለዎት። በከተማ ጫማ ያችን ኮረብታ ወጡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁዎት። ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም፤ ያ ብቻ ነው ያስቆጨኝ።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጠራኝ።

«ስልኬን ስጪኝ። ሰውየው ተጨንቋል።»

«አልጠየቀማ።»

«እንግዳ እስኪለምን አይጠበቅም።»

«እኔ ሃያ አራተኛ ሆኜ ጠብቄያለሁ።»

ከቀኝ እጁ የተረፈውን አየና ወደ እኔ ዘረጋው። «ጣቱ የኔ ነው፣ ቃላምቃስ። ቂሙም የኔ መሆን ነበረበት» አለኝ።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን ግን አልሰጠሁትም፤ ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩት ያ ቀን አለፈ። ከእኔ ጋር ሳይነጋገር ዋለ።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ከኩራትዎ ወረዱ። «አባባ፣ ስልክዎን ቢያውሱኝ» አሉት። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ከኪሴ አውጥቼ በእርስዎ ፊት ሰጠሁት። ቁጥሩን እየነገሩት በትንሿ ጣቱ አንድ በአንድ ተጫነልዎ። እጁን ያዩት ያኔ ነው። ሲጨብጡትም ሆነ ስልኩን ሲያበረክቱለት ሲያዩ የነበረው ፎቶ አንሺውን ነበርና።

«ያምዎታል?» አሉት።

«የሌሉት ናቸው የሚያሙኝ» አለዎት።

ጥሪው በሁለተኛው ደወል ተነሣ። ምክትልዎ የነገሩዎትን እኛ አልሰማንም፤ እርስዎ ግን «ውሉን ለማን ሰጡት?» አሉ፣ ቀጥለውም «ጨርሰው ፈረሙ?» አሉ። ቀጥሎ ባለቤትዎ ጋ ደውለው ለእራት እንደማይደርሱ ነገሯቸው። ባለቤቴ ሻይ ቀዳልዎ። እኔ ደግሞ ልቤ ውስጥ ከጥር ጀምሮ ታስሮ የነበረ አንድ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ፤ ምን እንደሚባል ለካህንም ለሙላህም አልነግረውም፣ ግን ጣፋጭ ነበር።

ባለቤቴ ከአሥር ቀን በኋላ አነጋገረኝ። ያነጋገረኝም «ልጓሙን ያዢልኝ» ብሎ ነው። ይህን አሥር ቀን በእርስዎ ሒሳብ ላይ አላስገባሁትም፤ የራሴ ነው፣ ከፍዬዋለሁ፣ ቢደገምም እከፍለዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለድርጅትዎ በሄደበት ሁሉ በበረዶ ቀን የሚደውሉ ደንበኞችን፣ ለደንበኞቹም ዘጠነኛውን ገጽ የሚያነቡበት ብርቱ መነጽር እየተመኘሁ፣ ከልብ የመነጨ፣ ቀንም ወርም የማይሽረው አክብሮቴን በትሕትና አቀርባለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎ፣ የአራት መቶ አሥራ አንድ የቀድሞ ደንበኞችዎም ወኪል፣
ቃላምቃስ፣ የሚርዛጋሊ ባለቤት
ሳርሾቂ ባቡር ጣቢያ

ማሳሰቢያ፦ ሲሄዱ ለደወሏቸው ሁለት ጥሪዎች ብለው ሁለት ሺህ ተንጌ ከሻይ ሳህኑ ሥር ትተው ነበር፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ። የአሁኑ ድርጅታችን የራሱ ደንበኞች እርስ በርስ ሲደዋወሉ አያስከፍልም፤ ወደ ሌላ ድርጅት ሲደወል ግን ያስከፍላል። የወሩ ዝርዝር ሲመጣ ሁለቱም ጥሪዎች፣ የምክትልዎም የባለቤትዎም፣ «ነጻ» በሚለው ሥር ተመዝግበው አገኘኋቸው።